ሲነኩት የሚጠፋ መቅረጫ፦ የላላ የኃይል መስመር አፈላለግና አጠጋገን

ተንቀሳቃሽ የድምፅ መቅረጫ በሥራ መካከል ድንገት ሲጠፋ፣ ወይም ገመዱን ነካ ሲያደርጉት ስክሪኑ ብልጭ ብሎ እንደገና ሲነሣ፣ አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው የኃይል ማስገቢያውን ቀዳዳ ነው። መሣሪያው ጥገና ቤት ይሄዳል፣ ይፈታል፣ ቀዳዳው በአዲስ ይቀየራል፤ ችግሩ ግን በሳምንቱ ይመለሳል። ኃይል ከምንጩ ተነሥቶ የመቅረጫው ሰሌዳ ላይ እስኪደርስ ድረስ ብዙ መጋጠሚያ ያልፋል፤ ቀዳዳው ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው። የተሰበረ ገመድ፣ የደከመ ሞላ፣ የላላ ማከፋፈያ፣ ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ፓወር ባንክ፣ ሁሉም የሚያሳዩት ምልክት ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል፤ ካቻቢቴ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ የተጻፈው በዋናነት ከሁለት እስከ አራት ዳብል ኤ ባትሪ ለሚወስዱ የእጅ መቅረጫዎች ነው፤ ዙም ኤች5 (ሁለት ባትሪ)፣ ታስካም ዲአር-40 (ሦስት)፣ ዙም ኤች6 (አራት) ዓይነቶቹ ማለት ነው። በ12 ቮልት መስመር ለሚሠሩት ትላልቆችም አጭር ክፍል አለ።

እየቀረጸ ከጠፋ

መጀመሪያ የሚድነው መሣሪያው ሳይሆን ቅጂው ነው። እንደገና አብርታችሁ መቅረጽ አትቀጥሉ። ካርዱን አውጡ፣ በጎኑ ያለውን መቆለፊያ ወደ ታች አድርጉ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጡ። ከዚያ በኋላ መቆለፊያውን መልሳችሁ ካርዱን መቅረጫው ውስጥ ክተቱት፤ አንዳንድ መቅረጫዎች ሲነሡ ያልተዘጋውን ፋይል አግኝተው ራሳቸው ይጠግኑታል። ካልጠገኑት በእጅ የሚሠራበት መንገድ መጨረሻው ክፍል ላይ አለ። ካርዱን ፎርማት የማድረግ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ከመጣ መልሱ «አይ» ነው።

አጠፋፉን መለየት

መሣሪያው ሳይከፈት አጠፋፉ ብዙ ይናገራል።

ያለ ማስጠንቀቂያ፣ መብራት እንደሄደ ያህል ጥቁር ካለ መስመሩ ለአፍታ ተቋርጧል ማለት ነው። በአንጻሩ አዲስ ባትሪ ገብቶ እያለ «ባትሪ አልቋል» የሚል መልእክት አሳይቶ ሥርዓቱን ጠብቆ ከተዘጋ መስመሩ አልተቆረጠም፤ የሆነ ቦታ ላይ ግን ኃይል እየባከነ ቮልቴጁ ወርዷል። የመጀመሪያው ስብራትን፣ ሁለተኛው ቆሻሻን ወይም ቀጭን ገመድን ያመለክታል።

ገመድ ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ደህና ከሆነ የባትሪ ክፍሉን እርሱት። በገመድ ደህና ሆኖ በባትሪ ሲሆን፣ በተለይ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር ተደርጎ ሲቀመጥ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ሞላው፣ ክዳኑ ወይም ራሱ ባትሪው ላይ ነው። በሁለቱም የሚጠፋ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ከተገናኙበት ወዲያ፣ ማለትም ማብሪያው ወይም ሰሌዳው ላይ ነው።

ማንም ሳይነካው በየተወሰነ ደቂቃ እኩል ልዩነት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሉዝ (የላላ መጋጠሚያ) አይደለም። ወይ የመሣሪያው ሜኑ ውስጥ ያለው በራስ የመዝጊያ ሰዓት ነው፣ ወይ ፓወር ባንኩ ነው። ሜኑውን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን ሳያዩ ብሎን የሚፈቱ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው።

አንድ ምልክት ለብቻው ማብራሪያ ይፈልጋል፦ ፋንተም ፓወር (መቅረጫው በማይክ ገመድ በኩል ለማይኩ የሚልከው 48 ቮልት) ሲበራ ብቻ የሚጠፋ መቅረጫ። እያንዳንዳቸው 5 ሚሊአምፔር የሚጠጡ ሁለት ኮንደንሰር ማይኮች ከ48 ቮልት መስመሩ 0.48 ዋት ይወስዳሉ። ይህን ኃይል መቅረጫው የሚያመነጨው ከባትሪው ነው፤ የባትሪውን ቮልት ወደ 48 የሚያሳድገው መቀየሪያ ብቃቱ 80 በመቶ ቢሆን፣ 2.4 ቮልት ከሚሰጡ ሁለት ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ላይ ሩብ አምፔር ያህል ተጨማሪ ይጎትታል። ሞላው ላይ ግማሽ ኦም የሚሆን ቆሻሻ ካለ በዚህ ብቻ 0.125 ቮልት ይጠፋል። ከዚያ የባሰው ነገር ይከተላል፦ መቀየሪያው የሚያስፈልገውን ኃይል ለማግኘት ሲል፣ የሚገባው ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር የበለጠ አምፔር ይስባል፤ አምፔሩ ሲጨምር ቆሻሻው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም ይጨምራል። እየወረደ ሄዶ ይወድቃል። ስለዚህ ያለ ፋንተም ሰዓታት የሚሠራ፣ ፋንተም ሲበራ ግን ወዲያው የሚሞት መቅረጫ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጥገና ሳይሆን ጽዳት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቴስተር (ዲጂታል መልቲሜትር)፣ ደህንነቱ የተረጋገጠ አጭር ገመድ፣ አንድ ስብስብ አዲስ አልካላይን ባትሪ፣ የጆሮ ጥጥ፣ የእንጨት ስቴኪኒ፣ ነጭ ኮምጣጤ፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጠንካራ መብራትና ማጉያ መነጽር። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ለሞላ ይበቃል፤ ውኃው በርከት ስለሚል ግን ለውስጡ ሰሌዳ አይሁን።

መፍታት ላይ ከተደረሰ ደግሞ ዜሮና ድርብ ዜሮ ቁጥር ፊሊፕስ ካቻቢቴ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል የመበየጃ ካውያ፣ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሊድ (ቀልጦ የሚበይደው ሽቦ)፣ ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ) እና ሊድ የሚመጥ የመዳብ ጥልፍ ይጨመራሉ። ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው፣ ለራዲዮና ለቴፕ የሚያገለግለው ትልቁ ካውያ እዚህ አይሠራም፤ የሰሌዳውን መዳብ ልጦ ያነሣዋል።

የባትሪ ክፍሉ

በመጀመሪያ ባትሪዎቹን በሙሉ አዲስ፣ አንድ ዓይነትና አንድ ብራንድ በሆኑ አልካላይኖች ቀይሩ። አንድ ደካማ ከሦስት ደህና ጋር ሲቀላቀል መሣሪያው የሚዳኘው በደካማው ነው። «ሄቪ ዱቲ» ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ስሙ ቢያጓጓም ዚንክ-ካርቦን ነው፤ ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት እንጂ ለመቅረጫ አይሆንም። የውስጥ ተቃውሞው ከፍ ያለ ስለሆነ ሳይጫን 1.5 ቮልት ያሳይና መቅረጫው ሲጎትተው ይወርዳል። ቴስተር ላይ ደህና ሆኖ መሣሪያ ውስጥ የሚሞት ባትሪ ሲያጋጥም መጀመሪያ ልጥፉን አንብቡ።

ቀጥሎ መሣሪያውን አብሩ፣ ሳትቀርጹ፣ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ እያንዳንዱን ባትሪ በቦታው እንዳለ በጣት አሽከርክሩት። ሲዞር የሚጠፋ ከሆነ ያ ባትሪ የሚነካቸው ሁለት ብረቶች ቆሽሸዋል ወይም ደክመዋል። አንዳንድ ጊዜ ማሽከርከሩ ብቻ ለጊዜው ይፈታዋል፤ ይህ መፍትሔ ሳይሆን ማስረጃ ነው።

አሁን በመብራት ተመልከቱ። ነጭ፣ ጨው የመሰለ ዱቄት ከአልካላይን ባትሪ የፈሰሰ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የደረቀው ነው። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንት አድርጉ፣ አትንፉበት። አጸዳዱ እንዲህ ነው፦

1. ባትሪዎቹን አውጡ፤ መሣሪያውን ክፍሉ ወደ ታች እንዲያይ ያዙትና ደረቁን በስቴኪኒ ፍቃችሁ አራግፉ።
2. የጆሮ ጥጥ በኮምጣጤ ነክሩ፤ ጨምቁት፤ ዱቄቱ ያለበትን ብቻ ንኩ። ትንሽ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲቆም ሌላ ጥጥ።
3. ውኃ በነካው ጥጥ ኮምጣጤውን አንሡ፤ ኮምጣጤ ከቀረ እሱም በተራው ብረት ይበላል።
4. በአልኮል ጥረጉ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አድርቁ።

የፈሰሰው ዚንክ-ካርቦን ከሆነ ፈሳሹ አሲዳማ ስለሆነ ኮምጣጤው ይቀራል፤ በሁለተኛው ደረጃ ቦታ ውኃ ውስጥ የሟሟ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ይተካዋል።

ዱቄት ከሌለና ብረቱ ደብዘዝ ብቻ ካለ የእርሳስ ላጲስ ይበቃዋል፤ ከዚያ አልኮል። ብርጭቆ ወረቀት ግን አታንሡ። ሞላው ብረት ሆኖ ላዩ ስስ ኒኬል የተቀባ ነው፤ ኒኬሉ ከተፋቀ ለአንድ ሳምንት ያበራል፣ ከዚያ ዝገቱ ከበፊቱ ይብሳል።

የደከመ ሞላ ለማንሣት ጫፉን ይዞ መጎተት የተለመደ ነው፤ ስህተትም ነው። ሞላው ግርጌው ላይ ስለተያዘ ጉተታው ሁሉ የሚያርፈው ሥሩ ላይ ነው። ቀጭን ፒንሳ ይዛችሁ ከታች ሁለተኛውን ቀለበት በስሱ ወደ ውጭ ግፉት፤ ጫፉ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ወደፊት ከመጣ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ባትሪው ሲገባ ሞላው ይጣመምና የጎረቤቱን ብረት ሊነካ ይችላል።

በፕላሱ በኩል ያለው ጠፍጣፋ ብረት ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ መሣሪያዎች ባትሪ ተገልብጦ ሲገባ እንዳይነካ ብለው ይህን ብረት ከሁለት የፕላስቲክ ጠርዞች ኋላ ይደብቁታል። ስለዚህ የሚደርስበት ጫፉ በደንብ ወጣ ያለ ባትሪ ብቻ ነው። አንዳንድ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ጫፋቸው አጭርና ሰፊ ስለሆነ በስሱ ይነካል፣ ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። በአልካላይን ደህና ሆኖ በቻርጀብል የሚጠፋ መቅረጫ ካለ ሁለቱን ባትሪዎች ጎን ለጎን አቁማችሁ ጫፋቸውን አወዳድሩ። መፍትሔው ሌላ ብራንድ መግዛት ነው። በመሣሪያው ሜኑ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ወደ ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ መቀየር አትርሱ፤ አልካላይን እንደሆነ ከተተወ 1.2 ቮልቱን እንዳለቀ ይቆጥረውና ቀድሞ ይዘጋል፣ ወይም መለኪያው የማይታመን ይሆናል።

ክፍተቱን በአልሙኒየም ፎይል መሙላት በየቦታው የሚመከር ነገር ነው። አታድርጉት። አልሙኒየም ላዩ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኦክሳይድ ይሠራል፤ ቁራጩም ተንሸራቶ ፕላስና ማይነሱን ካገናኘ ባትሪው ይግላል፣ ይፈሳል። ለአንድ ቀን ሥራ ማለፊያ ካስፈለገ ክዳኑን ከውጭ በናስትሮ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይሻላል፤ የብዙ አሮጌ መቅረጫ ችግርም የክዳኑ መንጠቆ መላላት ብቻ ነው።

ከጽዳቱ በኋላ ዓይንን ሳይሆን ቴስተሩን እመኑ። ወደ ሚሊቮልት አዙሩት፤ መሣሪያውም ፋንተሙም በርተው እያለ አንዱን ዘንግ የባትሪው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ያ ጫፍ የሚነካው ብረት ላይ አድርጉ። ሁለቱ ብረቶች በደንብ ከተነካኩ በመካከላቸው የሚታየው ቮልቴጅ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ከ100 ሚሊቮልት ካለፈ ያ መጋጠሚያ ገና አልጸዳም። በየባትሪው በሁለቱም ጫፍ ድገሙት። ኦም ላይ አድርጎ መለካት ግን ብዙ አይረዳም፤ የቴስተሩ አምፔር በጣም ትንሽ ስለሆነ ሥራ ላይ የሚወድቀውን መጋጠሚያ ደህና አድርጎ ያሳየዋል።

ገመድ፣ ቻርጀርና ፓወር ባንክ

ገመዱን በሌላ ቀይሩት። ይህ ብቻውን ብዙውን ጉዳይ ይዘጋል፤ ግን የሚቀየርበት ገመድ አጭርና ወፍራም ይሁን። ርካሽ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ያለው የኃይል ሽቦ ብዙ ጊዜ 28 ቁጥር ነው፤ በሜትር 0.21 ኦም ያህል አለው። ሁለት ሜትር ገመድ ሲሆን መሄጃና መመለሻው አራት ሜትር ሽቦ ነው፤ በግማሽ አምፔር 0.4 ቮልት ገደማ ይበላል። ምንጩ 5 ቮልት ቢሰጥ መቅረጫው ጋ የሚደርሰው 4.6 ነው፤ ማይኩ ሲበራ ወይም ካርድ ሲጻፍ ከዚያም ይወርዳል። 24 ቁጥር ሽቦ ያለው ገመድ በተመሳሳይ ርቀት የሚያባክነው 0.17 ቮልት ብቻ ነው። የሽቦው ቁጥር አንዳንዴ ገመዱ ላይ ይታተማል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል።

ከዚያ የመነቅነቅ ፍተሻ። ዋናው ደንቡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ማንቀሳቀስ ነው፤ ሁሉንም አብሮ መነቅነቅ ምንም አይነግርም። መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ባትሪውን አውጡ፣ በገመድ ብቻ አብሩ።

ሀ. ስኪውን (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን የገመዱን ጫፍ) ከመሣሪያው ጋር አጣብቃችሁ በአንድ እጅ ያዙ። በሌላው እጅ ገመዱን ከስኪው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ወደ አራቱም አቅጣጫ እጠፉት። ከጠፋ ሽቦው አንገቱ ላይ ተቆርጧል፤ ቀዳዳው ነፃ ነው።

ለ. ገመዱን ጠረጴዛው ላይ በናስትሮ አጣብቁ፤ ስኪውን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን በጣም በስሱ ገፋ ገፋ አድርጉ። ከጠፋ ስኪው ወይም ቀዳዳው ነው። በሌላ ገመድ ድገሙ፤ በሁለት ሦስት ገመድ ካልተለወጠ ቀዳዳው ነው።

ሐ. ስኪውን ሳትነኩ የመሣሪያውን ገላ ከቀዳዳው በላይና በታች በአውራ ጣት ጫን አድርጉ። በዚህ ብቻ ከጠፋ ብየዳው ወይም ሰሌዳው ተሰንጥቋል።

መ. በመጨረሻ ሌላውን ጫፍ፦ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ፣ ማከፋፈያውን፣ ፓወር ባንኩ ላይ ያለውን ሰፊውን ዩኤስቢ። እዚህ ላይ ማከፋፈያው ከሚጠረጠረው በላይ ጥፋተኛ ነው። የተለያየ አገር ስፒና ሁሉ እንዲቀበል የተሠራው ሶኬት ለዓመታት ወፍራሙንም ቀጭኑንም ሲያስገባ ከርሞ ይሰፋል፤ ቀጭን ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ሲሰካበት ተንጠልጥሎ ይቆያል። ጆሮ ጠጋ ሲደረግ የሚንጣጣ ድምፅ ካለ ሶኬቱን መጠቀም አቁሙ፤ ይህ ከመቅረጫ አልፎ የእሳት ጉዳይ ነው።

ስለ ቀዳዳ ዓይነቶች ጥቂት። ማይክሮ ዩኤስቢ ሲነደፍ ቶሎ የሚያልቁት ሞላዎች ስኪው ላይ እንዲሆኑ ተደርጓል፤ ስለዚህ የላላ ማይክሮ ብዙ ጊዜ በአዲስ ገመድ ይድናል። በእነ ኤች5 እና ኤች6 ላይ ባለው በሚኒ ዩኤስቢ ግን ድካሙ ቀዳዳው ላይም ያርፋል። ታይፕ ሲ «አይነክስም፣ ይወልቃል» ሲባል በአብዛኛው ከኪስና ከቦርሳ የገባ ብናኝ ጫፉ ላይ ተጠቅጥቆ ነው። መሣሪያውን አጥፉ፣ ባትሪ አውጡ፣ ስቴኪኒውን አቅጥናችሁ ከመካከለኛው ምላስ ጎን በስሱ ጥረጉ፤ መርፌ አይሁን። አንድ የታይፕ ሲ ስኪ በአንድ ገጽ ሠርቶ ሲገለበጥ እምቢ ካለ በአንዱ ወገን ያለ ንክኪ ሞቷል። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ እምቢ ብሎ፣ አንዱ ጫፍ ሰፊው ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ሁልጊዜ የሚሠራ ከሆነ ግን የላላ ነገር የለም፤ መሣሪያው ኃይል ለመጠየቅ የሚያስፈልገው 5.1 ኪሎ ኦም ተቃውሞ የለውም ማለት ነው። ያንኑ ባለ ሰፊ ጫፍ ገመድ ይዞ መቀጠል ነው።

ክብ ቀዳዳ ያላቸው ላይ የሚሳሳቱበት ነገር ልኩ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም 5.5 ሚሊሜትር የሆኑ፣ የውስጥ ቀዳዳቸው ግን 2.1 እና 2.5 የሆኑ ስኪዎች አሉ። ባለ 2.5ቱ በ2.1 እሾህ ላይ ይገባል፣ ይሠራልም፤ ግን ይወዛወዛል፣ በነኩት ቁጥር ይጠፋል። ቀዳዳውን ቢቀይሩትም አይለወጥም። ከገበያ የተገዛ ምትክ ቻርጀር ያለው ሰው መጀመሪያ ይህን ይለካ። ሲገዛም ቮልቱ ብቻ ሳይሆን የፕላስ ማይነስ አቀማመጡ ከመሣሪያው ገላ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ይመሳከር፤ የጊታር ፔዳሎች ቻርጀር ብዙ ጊዜ መሃሉ ማይነስ ነው፤ መሃሉ ፕላስ የሆነ መቅረጫ ላይ መሰካት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ፓወር ባንክ የተለየ ባሕርይ አለው። ብዙዎቹ የሚጎተተው አምፔር በጣም ሲያንስ «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ይዘጋሉ። ስልክ ያለ ችግር ይሞላሉ፣ ትንሽ የሚጠጣ መቅረጫ ላይ ግን በደቂቃ ውስጥ ይጠፋሉ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ በዚያው ገመድ ግድግዳ ላይ ካለ ቻርጀር ጋር ሞክሩ፤ እዚያ ካልጠፋ ባንኩ ነው። ለትንሽ ጭነት የሚሆን ሞድ ያላቸው አሉ፤ በአንዳንዶቹ ቁልፉን ሁለቴ በመጫን ይበራል። በሌላው ቀዳዳ ስልክ ሰክቶ መሙላትም ነቅቶ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ቀዳዳው ራሱ ሲሆን

ዋስትናው ካላለቀ አትክፈቱ። ካለቀና የመነቅነቁ ፍተሻ ወደ ለ ወይም ወደ ሐ ከጠቆመ ሥራው ይህ ነው።

ባትሪና ካርድ አውጡ፤ ገመድ ንቀሉ፤ ማብሪያውን ጥቂት ሴኮንድ ይዛችሁ የቀረውን ኃይል አራግፉ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ በናስትሮ ለጥፉ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ሰሌዳ ይበሳል። ባትሪ ክፍሉ ውስጥና ከጎማው እግር ሥር የተደበቀ ብሎን ስለሚኖር በኃይል አትላቅቁ። ሁለቱ ግማሾች በቀጭን ሪባን ገመድ ስለሚያያዙ መጀመሪያ በጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ።

ቀዳዳው ወደ ሰሌዳው የተበየደባቸውን እግሮች በማጉያ ተመልከቱ። የሚፈለገው እግሩን ዙሪያውን የከበበ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ነው፤ ይህ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው። በስቴኪኒ ቀዳዳውን ገፋ ሲያደርጉት እግሩ በብየዳው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በሚኒና በማይክሮ ዩኤስቢ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለቁት አምስቱ ቀጫጭን እግሮች ሳይሆኑ ጎንና ጎን ያሉት የቆርቆሮው ማሰሪያዎች ናቸው፤ እነሱ ሲለቁ የስኪው ክብደት ሁሉ ቀጫጭኖቹ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቀጫጭኖቹን ብቻ መበየድ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ፍላክስ ቀቡ። ካውያውን 350 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ አድርጉ። ፋብሪካው የተጠቀመው እርሳስ የተባለው ብረት የሌለበት ሊድ ከሆነ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ተራው 60/40 (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) ሊድ ደግሞ ከ183 እስከ 190 ድረስ ነው፤ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሮ አሮጌውን ማቅለጥ ያቀለዋል። በእያንዳንዱ ቀጭን እግር ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሴኮንድ፤ አዲሱ ሊድ እግሩንና መዳቡን አብሮ ሲያለብስ ካውያውን አንሡ። ወፍራሞቹ ማሰሪያዎች ከሰፊ የመሬት (የማይነስ) መዳብ ጋር ስለሚገናኙ ሙቀቱን ይጠጡታል፤ ሰፋ ያለ ጫፍና እስከ 380 ዲግሪ ሊያስፈልግ ይችላል። በቀጭን ጫፍ ረጅም ጊዜ መያዝ ነው መዳቡን የሚልጠው። ሁለት እግሮች በሊድ ከተያያዙ በመዳቡ ጥልፍ ምጠጡት። በአልኮል አጽዱ። ከመዝጋት በፊት ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው አቀማመጥ አድርጋችሁ በፕላስና በማይነሱ መካከል ሾርት አለመኖሩን አረጋግጡ።

ክብ ቀዳዳዎች ውስጥ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙዎቹ ሦስት እግር አላቸው፤ ሦስተኛው ስኪ ሲገባ የሚላቀቅ ሲወጣ የሚነካ ማብሪያ ነው፤ አንዳንድ መሣሪያዎች የባትሪውን መስመር በዚህ በኩል ያሳልፋሉ። ይህ ንክኪ ከቆሸሸ በቻርጀር የሚሠራው መቅረጫ በባትሪ ሙት ይሆናል፤ ሰውም ባትሪ ክፍሉን ሲያጸዳ ይውላል። ስኪውን ሃያ ጊዜ ያህል ማስገባትና ማውጣት አንዳንዴ ይፈታዋል። ትንሽ አልኮል ጠብ አድርጎ መድገም፣ ካልሆነ ቀዳዳውን መቀየር ነው።

መዳቡ አስቀድሞ ተልጦ ከተነሣ ሥራው ከቤት ወጥቷል፤ ቀጭን ሽቦ ስቦ የሚያገናኝ የሞባይል ሰሌዳ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት።

በ12 ቮልት መስመር የሚሠሩት

እንደ ዙም ኤፍ8 ባሉት ላይ ባለ አራት እሾህ ሂሮሴ (የሚቆለፍ ክብ የኃይል መሰኪያ) አለ፤ 1 ቁጥር ማይነስ፣ 4 ቁጥር ፕላስ ነው፤ የኤፍ8 መስመር ከ9 እስከ 18 ቮልት ይቀበላል። ሂሮሴ ጠቅ ብሎ ስለሚቆለፍ ራሱ መጋጠሚያው ብዙም አይላላም። የሚላላው ስኪው ውስጥ ያለው የሽቦ ብየዳ ነው። ቀለበቱን ፈትታችሁ ሽቦው በገላው ብረት መያዣ ተጨብጦ እንደሆነ እዩ፤ መያዣው ልባጩን ሳይሆን ባዶውን ሽቦ ብቻ ከያዘ በቅርቡ ይቆረጣል። አዲስ ገመድ ሲገዛ ከመሰካት በፊት እሾሆቹን በቴስተር መለካት ግዴታ ነው።

የካሜራ ባትሪ (የሶኒው ኤል ዓይነት) የሚጫንባቸው ሳህኖች ላይ ደግሞ ባትሪው ወደ ጎን ይጫወታል። የባትሪውን ጎን በአንድ ድርብ ናስትሮ ማወፈር በቂ ነው፤ ንክኪዎቹ ላይ እንዳይወጣ ብቻ።

ለመስክ

ጥምቀት ላይ ወይም ማኅሌት ሲቀረጽ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ገመድ ሰው ሳይረግጠው፣ ሳይስበው አያድርም። ገመዱን ከስኪው አምስት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በላስቲክ ወይም በቬልክሮ ከመሣሪያው ገላ ወይም ከማቆሚያው ጋር እሰሩት፤ በስኪውና በማሰሪያው መካከል ላላ ያለ ቀለበት ተዉ። ሲሳብ ማሰሪያው ይሸከመው እንጂ ቀዳዳው አይሸከመው። ጫፉ የታጠፈ ስኪ ከቀጥተኛው ያነሰ ጉልበት ቀዳዳው ላይ ያሳርፋል።

በገመድ እየሠራ እያለም ውስጡ አዲስ ባትሪ ይኑር። ብዙ መቅረጫዎች ገመዱ ሲነቀል ሳያቋርጡ ወደ ባትሪ ይሻገራሉ፤ የእናንተው ይሻገር እንደሆነ ግን ቤት ውስጥ እየቀረጸ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ቅጂውንም ከፍታችሁ ሰምታችሁ አረጋግጡ።

ያልተዘጋውን ፋይል ማንሣት

መቅረጫ የፋይሉን ርዝመት ራስጌው (ስለ ፋይሉ መረጃ የያዘው መጀመሪያው ክፍል) ላይ የሚጽፈው በአብዛኛው ሲቆም ነው። ኃይል ከተቋረጠ ድምፁ ካርዱ ላይ አለ፤ ራስጌው ግን ዜሮ ይላል፤ ማጫወቻውም «ባዶ ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ይላል። መጀመሪያ የፋይሉን መጠን እዩ። 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ስቴሪዮ ሲቀረጽ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል፣ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት ትንሽ የሚበልጥ ይሆናል። መጠኑ ከተቀረጸበት ጊዜ ጋር ከተቀራረበ ድምፁ አለ። መጠኑ ራሱ ዜሮ ካለ ካርዱ ላይ ምንም ሳይጻፍ ለዳታ መላሽ ባለሙያ ይሰጥ።

ድምፁ ካለ ኦዳሲቲን (ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም) ክፈቱ፤ ፋይል፣ ኢምፖርት፣ ሮው ዳታ። ኮምፒውተር ላይ በገለበጣችሁት እንጂ ካርዱ ላይ ባለው ዋናው ፋይል ላይ አትሥሩ። የሚሞላው፦ ሳይንድ 24 ቢት ፒሲኤም፣ ሊትል ኤንዲያን፣ ሁለት ቻናል፣ 48000። መነሻውን 44 ባይት አድርጉ፤ የተራው ዋቭ ራስጌ ርዝመት ይህ ነው። ተጨማሪ መረጃ የሚጽፉ መቅረጫዎች ራስጌያቸው ይረዝማል፤ ያኔ መጀመሪያው ላይ አጭር ጩኸት ይሰማል፣ ይቆረጣል።

የሚሰማው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጩኸት ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተሳሳተ ባይት ላይ ተጀምሯል። እያንዳንዱ ናሙና ሦስት ባይት ስለሆነ መነሻውን 45፣ ከዚያ 46 አድርጋችሁ ድገሙ፤ ከሦስቱ በአንዱ ይጠራል። ድምፁ ጠርቶ ግራና ቀኙ ከተቀያየረ መነሻው ላይ 3 ጨምሩ። ድምፁ ከተቀጠነና ከፈጠነ ደግሞ ቻናሉ ወይም 48000 የተባለው ቁጥር ተሳስቷል፤ መቅረጫው ላይ የነበረውን አቀማመጥ አመሳክራችሁ እንደገና አስገቡ፣ ከዚያ በአዲስ ስም ዋቭ አድርጋችሁ አውጡት።